ስለ ዓሣ ገንዳና ስለ አሮጌ ማጣሪያ አጭር ታሪክ

ከሳይንስ ክበብ አባላት አንዱ፣ 11ኛ ክፍል

በቤተ መጻሕፍታችን መግቢያ በስተ ግራ በኩል የቆመውን የዓሣ ገንዳ የማያውቅ ተማሪ አይገኝም። በዕረፍት ሰዓት የዝቅተኛ ክፍል ልጆች አፍንጫቸውን በመስታወቱ ላይ ለጥፈው ሲመለከቱ፣ ወላጆችም የልጆቻቸውን ውጤት ለመጠየቅ በሚመጡበት ቀን ቆም ብለው ሲያደንቁ እናያለን። ይሁን እንጂ ይህ የዓሣ ቤት ሁለተኛው መሆኑን፣ በመጀመሪያው ከነበሩት ዓሦች አብዛኞቹ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላቸው ማለቃቸውን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ይህ የበዓል መጽሔት ስለ ትምህርት ቤታችን መልካም ሥራዎች ብዙ የሚናገር ስለ ሆነ እኔ ደግሞ ስለ አንድ ስሕተታችን ልጽፍ ፈቀድሁ። ስሕተቱ የእኛ ብቻ እንዳልነበረና ታላላቅ ሊቃውንትም ብዙ ዘመን ሲመላለሱበት እንደ ኖሩ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ስለዚህም ጽሑፌ ወደ ታሪክ ያዘነብላል። የውጭ አገር ታሪክ በመሆኑ ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው የተቋቋመው ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ነበር። ገንዳው 100 ሊትር ያህል ይይዛል፤ የተገዛውም ወላጆቻችን ባዋጡት ገንዘብ ነው። የክበቡ አባላት ሥራ ስንከፋፈል ጠጠሩን የማጠቡ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። እኔም የታመንሁ ሆኜ ለመገኘት ስል ጠጠሩን አጥቤ አጥቤ ሳበቃ በፈላ ውሃ ቀቀልሁት። መስታወቱ ተወለወለ፤ ማጣሪያው ከነስፖንጁ ከካርቶኑ እንደ ወጣ አዲስ ነበር፤ የቧንቧው ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ሁለት ቀን በበርሜል ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ተገዝተው የመጡትን 12 ወርቃማ ዓሦች ለቀቅናቸው። ከዚያ የበለጠ ንጹሕ የዓሣ ቤት በከተማው ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም ነበር።

በስድስተኛው ቀን ዓሦቹ መብል ተዉ። ከዚያም ወደ ውሃው ፊት ወጥተው አየር ይጎርሱ ጀመር። እስከ 13ኛው ቀን ድረስ ዘጠኙ አለቁ። ውሃው ግን እንደ ብርሌ የጠራ ስለ ነበር «መርዝ ተጨምሮበታል» የሚል ወሬ ተነሣ። አንድ የክበባችን አባል በዕረፍት ሰዓት ዳቦ ሲፈረፍርላቸው ታይቶ ነበርና ጥርጣሬው ሁሉ በእርሱ ላይ ወደቀ፤ በስብሰባ ላይ ተነሥቼ የፈረድሁበትም እኔ ነበርሁ። ልጁ አንዲት ቃል ሳይመልስ ከክበቡ ወጣ።

መርዝስ በእርግጥ ነበረ። ያመጡት ግን ዓሦቹ ራሳቸው ናቸው። ዓሣ የበላው ምግብ በሰውነቱ ከተሠራበት በኋላ የሚተርፈውን አሞኒያ በአብዛኛው በሚተነፍስበት በስንጥቡ በኩል ወደ ውሃው ያስወጣዋል። በሐይቅ ወይም በወንዝ ሲሆን በውሃው ብዛት ተበትኖ ይቀራል፤ በጠባብ ገንዳ ግን ይጠራቀማል፤ ቀለሙ ሳይታይም የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል። ይህን አሞኒያ የሚያጠፉት ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። አንደኛው ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም ራሱ ደግ አይደለም፤ የዓሣውን ደም ቡናማ አድርጎ ኦክስጅን እንዳይሸከም ይከለክለዋል። ሌላው ዓይነት ባክቴሪያ ደግሞ ናይትራይቱን ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትሬት በመጠኑ እስከ ሆነ ድረስ ዓሣን እምብዛም አይጎዳም፤ ለውሃ ተክልም ምግብ ይሆናል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ በጠጠሩ፣ ይልቁንም ውሃ ዘወትር በሚያልፍበት በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ተለጥፈው ይኖራሉ። እድገታቸውም አዝጋሚ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች በ20 ደቂቃ እጥፍ ሲሆኑ እነዚህ ግማሽ ቀን፣ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ አዲስ ገንዳ በራሱ ጊዜ የሚበቃውን ያህል እስኪያፈራ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅበታል። እኛ ግን በመጀመሪያው ቀን 12 ዓሦች አስገባን፤ ከእነርሱ ጋር ሊመጣ ይችል የነበረውንም ረዳት እኔ አስቀድሜ በፈላ ውሃ ገደልሁት።

መምህራችን ይህን ከነገሩን በኋላ «ሰው ይህን መቼ እንዳወቀው ፈልጋችሁ አምጡ» ብለው አዘዙን። ከዚህ በታች የማቀርበው በዚያ ፍለጋ ያገኘሁትን ነው።

ዓሣን በዕቃ ማኖር በቻይናና በሌሎችም አገሮች እጅግ የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ የሚሆነው ውሃውን ቶሎ ቶሎ በመለወጥ ነበር። ውሃ ሳይለወጥ ዓሣ ሊኖርበት የሚችል የመስታወት ዕቃ ለማዘጋጀት በሥርዓት ከሞከሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ይህ ሰው በ1841 ዓ.ም. የለንደን የኬሚስትሪ ማኅበር እንዲቋቋም የደከመ፣ በመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ቤትም የላቦራቶሪ ሥራ የሚመራ ነበር። በ1849 ዓ.ም. 12 ጋሎን፣ ማለትም 55 ሊትር ያህል የሚይዝ ዕቃ ወስዶ እስከ እኩሌታው የምንጭ ውሃ ሞላበት። ከሥሩ አሸዋ፣ ጭቃና ድንጋይ አደረገ፤ ቫሊስኔሪያ የሚባለውን ረጅም ቅጠል ያለው የውሃ ተክል ተከለበት፤ ሁለት ትናንሽ ወርቃማ ዓሦችም ጨመረ።

መጀመሪያ ነገሩ ተሳካ። ጥቂት ቆይቶ ግን የተክሉ አሮጌ ቅጠሎች እየበሰበሱ ውሃውን ያደፈርሱት ጀመር። ዋሪንግተን ተስፋ አልቆረጠም፤ በኩሬዎች ውስጥ ይህን ብስባሽ ማን እንደሚያነሣው አስቦ አምስት ወይም ስድስት የውሃ ቀንድ አውጣዎች አመጣ። ቀንድ አውጣዎቹ ብስባሹን በሉ፤ የሚጥሉት እንቁላል ደግሞ ለዓሦቹ መብል ሆነ። በመጋቢት 1850 ዓ.ም. ይህን ለማኅበሩ ሲያስረዳ ትምህርቱ የሚከተለው ነበር፤ ዓሣው የሚያስወጣውን የተቃጠለ አየር ተክሉ ይወስዳል፤ ተክሉ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ቀንድ አውጣው ያጸዳል፤ በዚህም ሁሉ ሚዛን ይጠበቃል።

ውብ አሳብ ነው፤ ሐሰትም አይደለም። ነገር ግን አንድ ሠራተኛ ተረስቷል። ዋሪንግተን በዕቃው ሥር ያደረገው ጭቃና ድንጋይ የማይታየውን ሠራዊት ይዞ እንደ መጣ ዛሬ ለመገመት አያስቸግርም። እኔ በሳሙና ቀረሽ እጥበት ያጣሁትን እርሱ ሳያውቀው ከነጭቃው አስገባው። በእኔ አስተያየት ዋሪንግተን የተሳካለት በሊቅነቱ ብቻ ሳይሆን ድንጋዩን ባለመቀቀሉም ጭምር ነው።

በእነዚያ ዓመታት አና ታይን የተባለች ሌላ እንግሊዛዊት ከባሕር ዳር ያመጣቻቸውን ሕያዋን ድንጋያማ ኮራሎች በለንደን ቤቷ ታኖር ነበር። የባሕሩ ውሃ እንዳይታፈን ስትል የቤት ሠራተኛዋ በየቀኑ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየገለበጠች ታንቆረቁረው ነበር። የዛሬው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሥራ በዚያን ጊዜ የአንዲት ሴት ክንድ ሥራ እንደ ነበረ ማሰብ ይገባል። የሠራተኛዪቱን ስም ግን ባነበብሁት ሁሉ አላገኘሁትም።

በ1853 ዓ.ም. በለንደን የእንስሳት መጠበቂያ ውስጥ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «አኳሪየም» በሚል ስም መጽሐፍ አሳተመና ስሙም ነገሩም ባንድነት ተስፋፋ። በየሳሎኑ የመስታወት ገንዳ ማቆም ጌጥ ሆነ። ይሁን እንጂ ገዝቶ ማቆምና ማኖር ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ ብዙው ሰው ዓሦቹ እየሞቱ ሲያስቸግሩት ተሰላችቶ ተወው። ያ ሁሉ ሰው እንደኛ ማንን ጠርጥሮ ይሆን እያልሁ አስባለሁ።

ከዚህ ትውልድ ውስጥ ለእውነቱ እጅግ የቀረበው ዊሊያም አልፎርድ ሎይድ ይመስለኛል። ይህ ሰው በ1864 ዓ.ም. በሐምቡርግ፣ በ1871 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን ክሪስታል ፓላስ ታላላቅ የባሕር ዓሣ ቤቶች አደራጀ። ዘዴው ውሃውን አለመለወጥ ነበር። ከታች በጨለማ ውስጥ ሕዝቡ ከሚያያቸው ገንዳዎች እጅግ የሚበልጥ ማጠራቀሚያ ሠርቶ ውሃውን በፓምፕ ሌትና ቀን ያዞረዋል። ውሃው ሲቆይ እየተሻለ እንደሚሄድ አየ። ስለዚህ በዚያን ዘመን «አሮጌ ውሃ» የከበረ ነገር ሆነ። ያስተዋሉት ትክክል ሆኖ ሳለ ምክንያቱን ግን ሳቱት፤ ያረጀውና የተሻለው ውሃው ብቻ ሳይሆን ውሃው የሚነካው ድንጋይና ግድግዳ ነበር። ዛሬም ቢሆን ከአሮጌ ገንዳ ውሃ ብቻ ቀድቶ በአዲሱ ጨምሮ «አለማመድሁት» የሚል ብዙ ነው።

ሚስጥሩ የተገለጠው በዓሣ ቤት ሳይሆን በፍሳሽ ቆሻሻ ላይ ነው። በ1877 ዓ.ም. ሽሎሲንግና ሙንትስ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንት የከተማ ፍሳሽ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ አሞኒያው ለምን ወደ ናይትሬት እንደሚለወጥ ለማወቅ ፈለጉ። ነገሩ ለገበሬም ለከተማም የሚጠቅም ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚያምነው ለውጡ በአየርና በአፈር መነካካት እንዲያው በኬሚስትሪ ኃይል እንደሚሆን ነው። ሁለቱ ሊቃውንት አንድ ሜትር የሚሆን የመስታወት ቧንቧ ወስደው በእሳት የነደደ አሸዋና የኖራ ድንጋይ ዱቄት ሞሉበት፤ ከላይም ፍሳሹን በዝግታ ያንጠባጥቡበት ጀመር።

20 ቀን ያህል ምንም አልሆነም፤ አሞኒያው እንደ ገባ ወጣ። ከዚያ በኋላ ናይትሬት መታየት ጀመረ፤ እየበዛም ሄደ። አሞኒያው ጠፋ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ነገሩ በኬሚስትሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን በጀመረ ነበር። መቆየቱ አንድ ነገር በውስጡ ሲበቅል እንደ ነበረ ያመለክታል። ይህን ለማረጋገጥ የክሎሮፎርም ተን በቧንቧው አሳለፉ፤ ናይትሬቱ ቆመ። ክሎሮፎርሙን ካስወጡ በኋላም ብዙ ጊዜ ቢጠብቁ አልተመለሰም፤ ሠራተኞቹ ሞተዋልና። በመጨረሻ ከለም አፈር ጥቂት ወስደው በውሃ በጥብጠው ጨመሩበት። ከጥቂት ቀን በኋላ ናይትሬቱ እንደገና መጣ።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። አዲስ ማጣሪያን ከሚሠራ ቦታ በተወሰደ ጥቂት ነገር ማስነሣት እንደሚቻል በሥርዓት የታየው በዚህ ቧንቧ ውስጥ ነው። ፓምፕና ስፖንጅ የሉበትም እንጂ እኛ በኋላ በገንዳችን ያደረግነው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ዋሪንግተን ቤት እንመለስ። ዋሪንግተን በስሙ የሚጠራ፣ በ1838 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ነበረው። ወርቃማዎቹ ዓሦች በተሞከሩበት ዓመት ልጁ የ11 ዓመት ልጅ ነበር፤ ኬሚስትሪንም የተማረው በአባቱ ላቦራቶሪ ስለ ሆነ ያንን ዕቃ ሳያየው አይቀርም። አድጎ ከለንደን በስተ ሰሜን በሚገኘው በሮትሃምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሥራ ያዘ። የፈረንሳውያኑን ሥራ እንዳነበበ በ1878 ዓ.ም. ሙከራቸውን በእንግሊዝ አገር ደግሞ እውነት መሆኑን አረጋገጠ። የአሞኒያ መፍትሔ አዘጋጅቶ ጥቂት አፈር ጣል ሲያደርግበት ለውጡ ይጀምራል፤ ካልጨመረበት አይጀምርም። ብርሃን ሥራውን እንደሚያውክ፣ ጨለማ እንደሚስማማው ደግሞ አስተዋለ። ከሁሉም በላይ፣ ከመፍትሔዎቹ አንዳንዶቹ ናይትራይት ላይ ሲቆሙ ሌሎቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ሲያደርሱ ስላየ ሠራተኞቹ ሁለት ዓይነት መሆን አለባቸው ብሎ ጻፈ።

እነርሱን ለይቶ ለማውጣት ግን ዓመታት ደክሞ አልሆነለትም። በዘመኑ ባክቴሪያ የሚራባው በጄላቲንና በመሰለ ምግብ ላይ ነበር፤ እነዚህ ደግሞ እንዲህ ባለ ማዕድ ላይ አያድጉም። በ1890 ዓ.ም. ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለ የሩሲያ ግዛት ተወላጅ በዙሪክ ከተማ ምግቡን ሁሉ ነሥቶ አሞኒያና ማዕድን ብቻ ሰጣቸውና ለይቶ አገኛቸው። ሕይወታቸውን የሚያቆሙት አሞኒያን በማቃጠል፣ ሰውነታቸውንም የሚሠሩት ከተቃጠለ አየር መሆኑ በዚህ ታወቀ። እድገታቸው አዝጋሚ የሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ከአሞኒያ የሚገኘው ኃይል ጥቂት ነውና።

አባትየው የሞተው በ1867 ዓ.ም. ነው፤ ማለት ከፈረንሳውያኑ ቧንቧ አሥር ዓመት አስቀድሞ። የመስታወቱን ገንዳ አባት ሠራ፤ በገንዳው ውስጥ የሚሠራውን ኃይል ልጅ በእርሻ አፈር ውስጥ አጠና። ሁለቱ ግማሾች በአንድ ቤተ ሰብ ተገኝተው ሳለ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሳይገናኙ ቀሩ። ይህን ባነበብሁ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ።

የማጣሪያው ነገር ወደ ፍጹምነት የደረሰው ደግሞ በማንቸስተር ከተማ ነው። ኤድዋርድ አርደንና ዊሊያም ሎኬት የተባሉ የፍሳሽ ሥራ ኬሚስቶች በ1913 እና በ1914 ዓ.ም. ፍሳሽ በጠርሙስ አድርገው፣ ብርሃን እንዳይገባው ጠርሙሱን በቡናማ ወረቀት ጠቅልለው አየር ይነፉበት ነበር። የመጀመሪያው ጠርሙስ አሞኒያው ሁሉ ወደ ናይትሬት እስኪለወጥ አምስት ሳምንት ፈጀ። ከእነርሱ በፊት የነበሩ ሰዎች ይህን ሲያደርጉ ከሥር የዘቀጠውን አተላ ይደፉት ነበር። እነዚህ ግን የጠራውን ውሃ ብቻ አፍስሰው አተላውን አስቀሩ፤ በዚያው ላይ አዲስ ፍሳሽ ጨመሩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ፈጠነ። እንዲህ አተላውን እያስቀሩ ደጋግመው ሲሠሩ በመጨረሻ የአምስት ሳምንቱ ሥራ በ24 ሰዓት ያልቅ ጀመር። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ታላላቅ የፍሳሽ ማጣሪያዎች በዚህ ዘዴ ይሠራሉ። ልዩነቱ በሙሉ ቆሻሻ ተብሎ የሚደፋውን ባለመድፋት ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ወደ ዓሣ ቤት በሥርዓት እስኪገባ ድረስ ደግሞ ብዙ ዓመት አለፈ። በ1958 ዓ.ም. ሳኤኪ የተባለ ጃፓናዊ የማጣሪያው አሸዋ ብዛት ከዓሣው ብዛት ጋር ተመዛዝኖ መወሰን እንዳለበት አስረዳ። በ1990ዎቹ ዓመታት ሆቫኔክ የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር የዓሣ ገንዳ ማጣሪያዎችን መርምሮ ናይትራይቱን የሚለውጡት ሰው እስከዚያ ያስብ የነበረው ናይትሮባክተር ሳይሆን ናይትሮስፒራ የተባሉ መሆናቸውን አሳየ። በ2005 ዓ.ም. በአሜሪካ በሲያትል የሕዝብ የዓሣ ቤት ውስጥ ከአንድ ገንዳ ጠጠር አሞኒያን የሚለውጥ፣ ነገር ግን ባክቴሪያ ያልሆነ፣ አርኬያ ከሚባለው ወገን የሆነ ሕያው ተገኘ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱንም ሥራ ብቻውን የሚፈጽም የናይትሮስፒራ ዓይነት መኖሩ ታወቀ፤ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱም የዓሣ ማርቢያ ማጣሪያ ነው። ልጅ ዋሪንግተን «ሁለት ናቸው» ያለው ነገር ከ130 ዓመት በላይ ቆይቶ በዓሣ ውሃ ውስጥ ተሻሻለ ማለት ነው። አባቱ ቢሰማ ደስ ባለው ነበር።

ወደ እኛ ገንዳ ልመለስ። ይህን ሁሉ አንብበን ሳንጨርስ መፍትሔውን የሰጡን በአንድ ሆቴል መግቢያ ያለውን የዓሣ ገንዳ ለብዙ ዓመታት የጠበቁ አንድ ሽማግሌ ናቸው። የደረሰብንን ስንነግራቸው ሳቁብን።

«እናንተ ልጆች፤ እናታችሁ ሊጥ ስታቦካ እርሾውን ከየት ታመጣለች?» አሉን።

«ካለፈው አስቀርታ» አልናቸው።

«ቡሃቃውን በፈላ ውሃ ቀቅላ፣ እርሾዋን ደፍታ፣ በማግሥቱ ልጋግር ብትል ምን ትሏታላችሁ?»

ስለ ባክቴሪያ የተማሩት ነገር የለም። ነገር ግን ስፖንጁ በቧንቧ ውሃ ከታጠበ ዓሣ እንደሚታመም በልምድ አውቀውታል፤ እርሳቸው የሚያጥቡት ከገንዳው በተቀዳ ውሃ፣ ያውም ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ጀርም ለመግደል የገባ ስለ ሆነ ደጉን ከክፉው አይለይም። ከማጣሪያቸው ሁለት ስፖንጆች አንዱን አውጥተው ሰጡን። ቡናማ፣ የሚያሟልጭ፣ ዝናብ የመታው የአፈር ሽታ የሚሸት ነገር ነበር። ከጓደኞቼ አንዷ አፍንጫዋን ያዘች።

ስፖንጁን ከዚያው ገንዳ በተቀዳ ውሃ በባልዲ ይዘን፣ ሳንከድነው፣ በዚያው ከሰዓት በኋላ ወደ ትምህርት ቤት አመጣን። መፍጠን ያስፈልግ ነበር፤ እነዚህ ሕያዋን ከደረቁ ወይም በተዘጋ ዕቃ አየር ካጡ ይሞታሉ። በእኛ ማጣሪያ ውስጥ ከአዲሱ ስፖንጅ አጠገብ አደረግነውና ፓምፑን ሌትና ቀን ለቀቅነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ስለሚያንስ የአየር መንፊያም ጨመርን። ከሞት የተረፉትን ሦስቱን ዓሦችና አንድ አዲስ ብቻ አስገባን። በዚህ ላይ ክርክር ነበር፤ አንዳንዶቹ ገንዳው ባዶ ሆኖ ይቆይ አሉ። ባዶ ቢቆይ ግን አሞኒያ የለምና ባክቴሪያዎቹ ይራባሉ፤ ብዙ ዓሣ ቢገባ ደግሞ ከአንድ ስፖንጅ አቅም በላይ ይሆናል። መምህራችን በአራት ዓሦች ወሰኑ። በየቀኑ በጠብታ መፈተኛ ስንለካ ናይትራይት በአምስተኛው ቀን ጥቂት ታይቶ በዘጠነኛው ጠፋ። አሞኒያም አላስቸገረን። በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ሁለት ዓሣ እየጨመርን አሥር አደረስናቸው።

ሁሉ ነገር ደስታ ነበር ብል ግን እዋሻለሁ። በሦስተኛው ሳምንት በሁለቱ ዓሦች ክንፍ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ወጣ። ይህ ጥገኛ ነፍሳት የሚያመጡት በሽታ ነው። ከስፖንጁ ጋር ይምጣ ከአዲሱ ዓሣ ጋር አላረጋገጥንም፤ ነገር ግን አሮጌ ማጣሪያ የሚወስድ ሰው ደጉን ብቻ መርጦ እንደማይወስድ አወቅን። ከመቀበላችን በፊት የሽማግሌውን ዓሦች ጤንነት ደኅና አድርገን ልናይ ይገባን ነበር። በጨውና ውሃውን በመጠኑ በማሞቅ አንዱ ዳነ፤ አንዱ ሞተ።

ናይትራይቱ በጠፋ ማግሥት ወደዚያ ወደ ፈረድሁበት ልጅ ሄድሁ። የዳቦ ፍርፋሪ አሞኒያውን ጥቂት ሊጨምር እንደሚችል፣ ነገር ግን ዓሦቹን የገደለ የእኔ የፈላ ውሃና የሁላችንም ችኮላ መሆኑን፣ በስብሰባ ፊት የተናገርሁትንም በስብሰባ ፊት እንደምመልሰው ነገርሁት። እርሱም «መልሰው» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። መለስሁት። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ወደ ክበቡ ተመለሰ፤ ዛሬ ማጣሪያውን የሚጠብቅ እርሱ ነው፤ እኔ እንድነካው እንኳ አይፈቅድም።

በግንቦት ወር አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገንዳ ሊያቋቁም አስቦ ምክር ጠየቀን። ከሽማግሌው ስፖንጅ ሩቡን ቆርጠን ከገንዳችን ውሃ ጋር በፌስታል አደረግንና ልጁ ይዞት ሄደ። ታክሲ ውስጥ አየር እንዳያጣ የፌስታሉን አፍ ከፍቶ በጭኑ ላይ ቢያስቀምጠው ረዳቱ «ይህን አተላ ከመኪናው አውጣ» ብሎ ጮኸበት። እርሱም አልወርድም፣ አልዘጋም አለ፤ ለእርሱና ለስፖንጁ የሁለት ሰው ሒሳብ ከፍሎ ደረሰ።